ስለ መንኰራኵር አቋቋም

መኪና በቆመችበት ሥፍራ ከፊት ለፊቷ ሆኖ የሚመለከታት ሰው ጎማዎቿ ሁሉ ከመሬት ወደ ላይ ቀጥ ብለው የተተከሉ፣ እርስ በርሳቸውም ትይዩ ሆነው የተሰለፉ ይመስሉታል፤ መለኪያ ይዞ በተጠጋ ጊዜ ግን ፍጹም ቀጥ ያለ፣ ከጓደኛውም ጋራ ፍጹም ትይዩ የሆነ አንድ ስንኳ አለመኖሩን ይረዳል። ይህ ጥቂት ዘንበል ማለትና ጥቂት ዞር ማለት ታስቦበት የተደረገ ሥርዐት ሲሆን፣ በጋራዥ ቋንቋ አላይመንት የሚባለው እርሱ ነው። ታሪኩም ከመኪና ታሪክ ይረዝማል፤ ሞተር ከመፈጠሩ በፊት በፈረስ የሚጎተተውን ሠረገላ ይሠሩ የነበሩ አንጥረኞችና አናጢዎች መንኰራኵር እንዴት መቆም እንደሚገባው ብዙ ዘመን ተከራክረዋልና። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ የመንኰራኵር አቋቋም በየዘመኑ የተለወጠው መንኰራኵሩን የሚገፋው ኃይል አቅጣጫውን ስለ ለወጠ መሆኑን፣ ልኩን የመወሰን ሥልጣንም ከሠሪው እጅ ወጥቶ ቀስ በቀስ በባለቤቱ እጅ መግባቱን ማሳየት ነው። ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በስፖርት መኪና ላይ ነው፤ እርሷ ጧት በጎዳና፣ ከቀትር በኋላ በእሽቅድምድም ሜዳ የምትነዳ፣ ለሁለት ጌቶች የምትገዛ መኪና ናትና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ የነገሩን ሦስት ክፍሎች ለይቶ ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው ካምበር ሲሆን፣ ይኸውም ጎማው ከፊት ሲታይ ዐናቱ ወደ ውጭ ወይም ወደ መኪናይቱ አካል ማዘንበሉ ነው፤ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ 1 ዲግሪ ቢያዘነብል ዐናቱ ከእግሩ የሚዛነፈው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ዐይን በቀላሉ አይለየውም። ሁለተኛው ቶ የሚባለው ነው፤ መኪናይቱ ከላይ ስትታይ የሁለቱ ጎማዎች የፊት ጫፍ፣ አውራ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አዙሮ እንደሚራመድ ሰው እግር፣ መቀራረቡ ወይም በተቃራኒው መራራቁ ነው። ሦስተኛው ካስተር፣ የፊት ጎማ ሲታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ ከጎን ሲታይ ዐናቱ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ሲሆን፣ ጎማው መሬት የሚነካበትን ነጥብ ከምሰሶው መስመር በስተኋላ ስለሚያስከትለው፣ መሪው ከእጅ በተለቀቀ ጊዜ ራሱ ወደ ቀጥታው እንዲመለስ ያደርጋል። ከሦስቱ መካከል ብዙ ክርክር የተነሣበት ካምበር ስለ ሆነ፣ ትረካችን ይልቁን እርሱን ይከተላል።

በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የሠረገላ መንኰራኵር ልሙጥ አልነበረም፤ ከእምብርቱ ተነሥተው ወደ ጠርዙ የሚደርሱት የእንጨት ዘንጎች ወደ ውጭ አጋድለው ስለሚሰኩ መካከሉ የጎደጎደ ነበር። ፈረስ በተራመደ ቍጥር ሠረገላው ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ እምብርቱን ወደ ጎን ይገፋዋልና፣ ጎድጓዳ ሆኖ የተሠራው መንኰራኵር ይህን የጎን ግፊት ከልሙጡ ይልቅ ይችለው ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው መንኰራኵር በቀጥተኛ አክሰል ላይ ቢገባ፣ ጭነቱን የሚሸከመው የታችኛው ዘንግ በሰያፍ ስለሚቆም በክብደት ይሰበራል፤ ስለዚህ አንጥረኛው የአክሰሉን ጫፍ በእሳት አግሎ ጥቂት ወደ ታች ያጎነብሰዋል። በዚያን ጊዜ የታችኛው ዘንግ ቀጥ ብሎ ጭነቱን ይሸከማል፤ የመንኰራኵሩ ዐናት ግን ከሠረገላው አካል እየራቀ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ በዚህም ምክንያት የሠረገላው አካል ሰፋ ብሎ እንዲሠራ ቦታ ይገኛል፣ ጭቃውም ከተሳፋሪው ርቆ ይረጫል። ከዚህም ሌላ የአክሰሉን ጫፍ በጣም ጥቂት ወደ ፊት ያቀኑት ነበር፤ መንኰራኵሩ በሚዞርበት ጊዜ ወደ ውስጥ ተጠግቶ እንዲሮጥና ከጫፍ ያለውን መቈለፊያ እንዳይገፋ በማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ ካምበርና ቶ የምንላቸው ሁለቱም ነገሮች ከሞተር በፊት በጥበበ እድ የታወቁ ነበሩ ማለት ነው።

ይህ ሥርዐት የራሱ ዕዳ ነበረበት፤ ዕዳውንም የገለጠው የመንገድ ሕግ ነው። በ1753 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ከባድ ጋሪዎች ጎዳናውን እንዳያርሱት የመንኰራኵራቸው ጠርዝ 9 ኢንች ስፋት እንዲኖረው ባዘዘ ጊዜ፣ ጋሪ ሠሪዎች አክሰሉን እንዳጎነበሰ ትተው፣ ሰፊው ጠርዝ በመሬት ላይ ይደላደል ዘንድ የውጭውን ወገን እያቀጠኑ ሾጣጣ አድርገው ሠሩት። ሾጣጣ ነገር ግን ቢንከባለል በክብ ይዞራል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በግድ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ከተደረገ አንዱ ወገኑ ይንከባለላል፣ ሌላው ወገኑ መሬቱን እየፋቀ ይጎተታል። ይህን ነገር በ1797 ባሳተመው ድርሰት አበክሮ ያስረዳው እስኮትላንዳዊው የሰዓት ጠቢብ አሌክሳንደር ከሚንግ ነው፤ እርሱም መንገድን ከጥፋት ለማዳን ታስቦ የወጣው ሕግ ራሱ መንገዱን የሚፈጭና ፈረሶችን በከንቱ የሚያደክም መንኰራኵር እንዳስገኘ፣ ከሾጣጣውም ይልቅ ጠርዙ ከውስጥ እስከ ውጭ እኩል የሆነው መንኰራኵር እንደሚሻል አሳየ። ከሚንግ ይህን ሲጽፍ በአየር የሚነፋ ጎማ ገና አልተፈጠረም፤ ነገር ግን ያዘነበለ ጎማ መኪናን ወዳዘነበለበት ወገን የሚጎትተው፣ አንዱ ትከሻውም ከሌላው ቀድሞ የሚያልቀው፣ እርሱ ያኔ ለይቶ ከገለጸው ምክንያት ጋራ በሚቀራረብ ምክንያት ነው።

መሪውን የሚመለከተው ጥበብ ከዚህ በኋላ ተከተለ። ቀድሞ ሠረገላ ሲታጠፍ የፊቱ አክሰል ሁለቱን መንኰራኵሮች እንደ ያዘ በመካከል ባለ አንድ ችንካር ላይ ይዞር ስለ ነበር፣ በጠባብ ኩርባ ላይ ሠረገላው ሚዛኑን አጥቶ ለመገልበጥ ይቀርብ ነበር። የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ጌዖርግ ላንከንስፐርገር አክሰሉ ሳይነቃነቅ መንኰራኵሮቹ ብቻ በየራሳቸው ችንካር ላይ የሚዞሩበትን ዘዴ አሰበ፤ በለንደን ወኪሉ የነበረው ሩዶልፍ አከርማን በ1818 የባለቤትነቱን መብት ስላስመዘገበ ግን፣ ዘዴው እስከ ዛሬ የሚጠራው በወኪሉ ስም ነው። በዚህ ዘዴ በኩርባው ውስጥ በኩል ያለው መንኰራኵር፣ የሚዞረው ክብ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ከውጭው ይልቅ አብዝቶ ይታጠፋል። ካርል ቤንስ በ1886 የባለቤትነት መብት የተቀበለባት መኪና ሦስት መንኰራኵር ብቻ የነበራት ይህ የመታጠፍ ጉዳይ ስላልተቃናለት ነበር፤ በ1893 ግን በሁለት ችንካር ለሚታጠፍ መሪ መብት አግኝቶ ባለ አራት መንኰራኵር መኪና አወጣ። የፊት መንኰራኵሮች በየራሳቸው ችንካር ላይ መዞር ከጀመሩ በኋላ፣ ችንካሩና ጎማው እንዴት ሆነው ይስማሙ የሚለው ጥያቄ የመኪና ሠሪዎች ሁሉ ጥያቄ ሆነ።

ለዚህ ጥያቄ የቀደሙት መኪኖች የሰጡት መልስ ከሠረገላ የወረሱት ነበር። ሄንሪ ፎርድ በ1908 ላወጣት ለሞዴል ቲ በተዘጋጀው የባለቤቶች መመሪያ እንደ ተገለጸው፣ በሁለቱ የፊት ጎማዎች ዐናት መካከል ያለው ርቀት በእግራቸው መካከል ካለው ርቀት በ3 ኢንች ያህል ይበልጥ ነበር፤ በፊት በኩል ግን ከሩብ ኢንች አብልጠው እንዲቀራረቡ አይፈቀድም ነበር። ይህም ለእያንዳንዱ ጎማ 3 ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ ማዘንበል ማለት ነው። ጎማው ወደ ውጭ ባዘነበለ መጠን መሬት የሚነካበት ነጥብ የመሪው ችንካር ወደ ታች ቢቀጥል ወደሚያርፍበት ነጥብ ስለሚቀርብ፣ መሪው ለእጅ ይቀላል፤ ድንጋይም ጎማውን ሲመታ ምቱ ወደ ነጂው ክንድ ብዙም አይደርስም። ያዘነበሉትም ጎማዎች እያንዳንዳቸው ወደ ውጭ ሊሸሹ ስለሚሹ፣ ጥቂት ወደ ውስጥ ዞር መደረጋቸው ያንን ሽሽት ይመልሰዋል። አክሰሉ ግን አንድ ወጥ ብረት ስለ ነበር፣ ልኩ የተበላሸ እንደ ሆነ የጋራዡ ሰው የሚያደርገው ነገር አንጥረኛው ያደርገው የነበረውን ነው፤ ብረቱን በኃይል አጉብጦ ያቃናዋል።

ከ1920ዎቹ ጀምሮ ይህ የተወረሰ ሥርዐት ይናጋ ጀመር። በፊት ጎማዎች ላይ ፍሬን ተጨመረ፤ ግፊታቸው ያነሰ ሰፋፊ ጎማዎችም ወጡ፤ በዚህን ጊዜ ብዙ መኪኖች በተወሰነ ፍጥነት ላይ ሲደርሱ የፊት ጎማዎቻቸው ግራና ቀኝ እየተርገበገቡ መሪውን ከነጂው እጅ እስከ መንጠቅ ደረሱ። ምክንያቱን ከመረመሩት መካከል ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦርዥ ብሩልዬ በ1925 ባቀረበው ጥናት የላስቲክ ጎማ በጎን ኃይል ጊዜ ፊቱን ወዳቀናበት አቅጣጫ በትክክል እንደማይሄድ፣ በሚያመለክትበትና በሚሄድበት መስመር መካከል ትንሽ ማእዘን እንደሚፈጠር አስረዳ። ይህ ዕውቀት ለአላይመንት ጥበብ መሠረት ሆነ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ መንኰራኵር ሲታሰብ የነበረው እንደማይታጠፍ ግትር አካል ነበርና። በአሜሪካም ከሮልስ ሮይስ ወጥቶ በ1930 ወደ ካዲላክ የገባው እንግሊዛዊው ሞሪስ ኦሊ ከጓደኞቹ ጋራ ባደረገው ምርምር፣ ወጥ የሆነው የፊት አክሰል ቀርቶ እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ክንዶች ላይ እንዲንቀሳቀስ አስወሰነ። በ1934 በወጡት የካዲላክ መኪኖች ላይ የላይኛው ክንድ ከታችኛው ያጠረ ስለ ነበር፣ ጎማው ወደ ላይ በተነሣ ጊዜ ዐናቱ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ የጎማ አቋቋም አንድ ጊዜ ተወስኖ የሚቀር መሆኑ አብቅቶ፣ መኪናይቱ በተንቀሳቀሰች ቍጥር የሚለዋወጥ ነገር ሆነ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። ሠረገላና የቀደሙት መኪኖች የሚቀበሉት ዋናው ኃይል ከላይ ወደ ታች የሚጫነው ክብደት ነበር፤ ፍጥነት በጨመረ ጊዜ ግን በኩርባ ላይ የሚነሣው የጎን ኃይል የበላይነቱን ያዘ፤ ይህ ኃይል በአንድ ኩርባ ላይ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እርሱ አራት እጥፍ ይሆናልና። በዚህ ጊዜ የመኪናይቱ አካል ወደ ኩርባው ውጭ ያጋድላል፤ ክብደቱም ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች ይተላለፋል፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የውጭው ጎማ ከአካሏ ጋራ አብሮ ሲያጋድል በውጭ ትከሻው ላይ ብቻ ይቀራል። መድኀኒቱ መኪናይቱ በቆመችበት ጊዜ ጎማውን አስቀድሞ ወደ ውስጥ ማዘንበል ነው፤ እንዲህ ሲሆን በቀጥታ መንገድ ላይ ሰያፍ የነበረው ጎማ፣ ጉልበት በሚያስፈልግበት በኩርባው ሰዓት ሙሉ ፊቱን ለመሬት ይሰጣል። አንጥረኛው መንኰራኵሩን ወደ ውጭ ያዘነበለው የታችኛው ዘንግ በጭነት ጊዜ ቀጥ እንዲል ነበር፤ የእሽቅድምድም መካኒክ ጎማውን ወደ ውስጥ የሚያዘነብለው በኩርባ ጊዜ ቀጥ እንዲል ነው፤ ሁለቱም የፈለጉት አንድ ሲሆን፣ የተለወጠው የሚገፋው ኃይል ነው።

ብዙ ሠሪዎች ይህን የተማሩት በኋላ ጎማዎች መከራ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሸ የነደፋት፣ በ1934 ለውድድር የቀረበችው የአውቶ ዩኒየን መኪና ሞተሯ ከነጂው በስተኋላ ሲሆን፣ የኋላ ጎማዎቿ ከዲፈረንሻሉ አጠገብ በሚታጠፉ ሁለት ግማሽ አክሰሎች ላይ የተያዙ ነበሩ። በዚህ አሠራር የኋላው አካል ከመሬት ከፍ ባለ ጊዜ ጎማዎቹ እግራቸውን ወደ ውስጥ እየሰበሰቡ ዐናታቸውን ወደ ውጭ ያዘነብላሉ፤ በኩርባ መካከልም ይህ ከደረሰ የኋላው ወገን መሬትን በድንገት ይለቃል። ሜርሴዲስ ቤንስ በ1937 ባወጣው ደብልዩ 125 በተባለው መኪና ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ቧንቧ አያይዞ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አደረጋቸው፤ አውቶ ዩኒየንም በሚከተለው ዓመት ወደዚሁ መንገድ ገባ። ነገር ግን የሚታጠፈው አክሰል ሥራው ቀላል ስለ ነበር ከጎዳና መኪኖች አልጠፋም። ሰው ከፋብሪካ ገዝቶ በጎዳና የሚነዳት፣ በዚያችው መኪና የሚወዳደርባት የ1954ቷ ሜርሴዲስ 300 ኤስ ኤል በዚሁ አክሰል ትሄድ ነበር፤ ተወዳዳሪው ጆን ፊች በ1955 ከብሬሻ ወደ ሮማ ሄዶ ይመለስ በነበረው፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል በሕዝብ ጎዳና ላይ ይደረግ በነበረው የሚሌ ሚልያ ውድድር ከክፍሏ አንደኛ አድርጓታል። በ1957 ጣራዋ የሚከፈተው ዐይነት ሲወጣ ግን የአክሰሏ መታጠፊያ ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ይህም ጎማዎቹ ሲነሡና ሲወርዱ የሚያዘነብሉትን መጠን ቀነሰው።

በአሜሪካ የደረሰው ነገር ደግሞ የሥልጣኑን ጉዳይ ያስረዳል። በ1960 የወጣችው ሼቭሮሌ ኮርቬር ሞተሯ ከኋላ፣ የኋላ አክሰሏም የሚታጠፍ ስለ ነበር፣ ፋብሪካው ሚዛኗን ለመጠበቅ የፊት ጎማዎች በ15 ፓውንድ፣ የኋላዎቹ በ26 ፓውንድ ግፊት እንዲነፉ አዘዘ። የመኪናይቱ ጠባይ በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ልዩነቱን የሚጠብቀው ግን ምሥጢሩ ያልተገለጠለት ባለቤትና ጎማ የሚነፋው የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ነበር። ጠበቃው ራልፍ ናደር በ1965 ባወጣው መጽሐፍ ይህችን መኪና በመጀመሪያው ምዕራፍ ከሰሳት፤ በ1972 የወጣው የመንግሥት ጥናት በዘመኗ ከነበሩት መኪኖች የባሰች አይደለችም ብሎ ቢደመድምም፣ ክርክሩ አንድ ነገር አስተምሮ አለፈ። ልክን የመጠበቅ ኀላፊነት ለባለቤቱ ከተሰጠ፣ ዕውቀቱ አብሮ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

የጎማውም ባሕርይ በዚህ መካከል ተለወጠ። ሚሽለን ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው ራዲያል ጎማ፣ ክሮቹ ከትከሻ ወደ ትከሻ ቀጥ ብለው ስለሚያልፉ ጎኑ ልል፣ መሬት የሚነካው ፊቱ ግን ጽኑ ነበር፤ ክሮቹ በሰያፍ ይጠላለፉ ከነበሩት ከቀድሞዎቹ ጎማዎች ይልቅ በኩርባ ጊዜ ወደ ጎን ስለሚተጣጠፍ፣ ከእርሱ ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት አብልጦ ወደ ውስጥ ማዘንበል አስፈለገ። በ1960ዎቹ የእሽቅድምድም ጎማዎች እየሰፉ ሄዱ፤ ትከሻው ክብ የነበረው ቀጭን ጎማ መዛነፍን ይታገሥ ነበር፣ ሰፊው ግን አንድ ዲግሪ ቢዛነፍ የፊቱን ከፊል ከመሬት ያነሣል። ሚሽለን በ1977 ከሬኖ ጋራ ራዲያልን ወደ ፎርሙላ 1 ባስገባ ጊዜ፣ ከጎዳና የተነሣው ጎማ በእሽቅድምድም የመጨረሻ መዓርግ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ካምበር የሚወሰነው የጎማውን ጠባይ በመጠየቅ ሆነ።

በጎዳናና በሜዳ መካከል የቆመችው መኪና ምሳሌ ፖርሸ 911 ናት። በ1963 በፍራንክፈርት ትርኢት የቀረበችው ይህች መኪና ሞተሯ ከኋላ አክሰሏ ጀርባ የተንጠለጠለ ስለ ነበር፣ በኩርባ ላይ ሳለች ነጂው እግሩን ከነዳጁ በድንገት ቢያነሣ የኋላ ወገኗ ሊቀድማት ይቃጣ ነበር። ሠሪዎቹ ሚዛኗን ለማረም በፊት መከላከያዋ በግራና በቀኝ እያንዳንዱ 11 ኪሎ የሚመዝን ብረት ለጥቂት ጊዜ ጨመሩ፤ ለ1969 ሞዴል ደግሞ የኋላ ጎማዎቿን 57 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ በመግፋት ክብደቷን አስታረቁ። ከዚያ በኋላ በ1977 የወጣችው 928 ቫይሳኽ የተባለውን የኋላ አክሰል ይዛ መጣች፤ በዚህ አክሰል ነጂው በኩርባ ላይ ነዳጅ ሲለቅ ወይም ፍሬን ሲይዝ፣ የኋላው ጎማ ወደ ውጭ ዞር ማለቱ ቀርቶ ራሱ ጥቂት ወደ ውስጥ ይዞራል፤ አስቀድሞ በመለኪያ ብቻ ይጠበቅ የነበረው ልክ በአደጋው ሰዓት ራሱን እንዲያርም ተደረገ።

ሁለቱ ጌቶች የሚገናኙበት ቦታ ቢፈለግ ከኑርቡርግሪንግ የተሻለ አይገኝም። በጀርመን አይፈል ተራሮች መካከል በሰኔ 1927 የተመረቀው ይህ ሜዳ፣ ውድድር በሌለበት ጊዜ ከመጀመሪያው አንሥቶ ክፍያ ለከፈለ ማንኛውም ሰው ክፍት ነው። የሰሜኑ ዙሪያ ዛሬ 20.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ከ70 የሚበልጡ ኩርባዎች ሲኖሩት፣ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሥፍራ 300 ሜትር ያህል ይወጣል፤ መንገዱ በብዙ ቦታ ጎርባጣ ስለ ሆነ ጠባዩ ከሜዳ ይልቅ ለጎዳና ይቀርባል። ብዙዎች መኪናቸውን በአውራ ጎዳና ነድተው ይመጣሉ፤ ዙሪያውን ሮጠው በዚያው ጎማ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

እንዲህ ባለ ሜዳ ዳር አላይመንት ሲለካ የተመለከተ ሰው ሥራው ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ያያል። መኪናይቱ ልሙጥ በሆነ ወለል ላይ ትቆማለች፤ የጎማዎቹ ግፊት ይስተካከላል፤ በነጂው መቀመጫ ላይ የነጂውን ክብደት የሚያህል የአሸዋ ከረጢት ይቀመጣል፤ መሪው በቀጥታው ላይ ይታሰራል። ከዚያ በመኪናይቱ ግራና ቀኝ፣ በእምብርቶቹ ቁመት፣ የዓሣ ማጥመጃ ክር በመደገፊያዎች ላይ ተወጥሮ፣ ሁለቱ ክሮች ከመካከለኛው መስመር እኩል እስኪርቁ ድረስ ይስተካከላል። ሠራተኛው ተንበርክኮ በብረት ማስመሪያ ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝ፣ ቀጥሎም እስከ ኋላ ጠርዙ ይለካል፤ የፊቱ ርቀት በ1 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ጎማው ያን ያህል ወደ ውስጥ ዞሯል ማለት ነው። የመሪውን ዘንግ ዳዶ አላልቶ ሩብ ዙር ያዞራል፤ መልሶ ያጠብቃል፤ የተጨነቁት ጎማዎችም ቦታቸውን እንዲይዙ መኪናይቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፍቶ እንደገና ይለካል። ሥርዐቱም ቅደም ተከተል አለው፤ ቁመቷ ከሁሉ በፊት፣ ካስተርና ካምበር ቀጥለው፣ ቶ በመጨረሻ ይወሰናል፤ የፊተኞቹ ሲነኩ ኋለኛው መዛባቱ አይቀርምና።

ልኩ የደረሰ መሆኑን የሚመሰክረው ግን ጎማው ራሱ ነው። መኪናይቱ ከዙሪያው ተመልሳ እንደ ቆመች መርፌ ያለው የሙቀት መለኪያ በጎማው ሥጋ ውስጥ በሦስት ቦታ ይገባል፤ በውስጥ ትከሻው፣ በመካከሉና በውጭ ትከሻው። የውጩ ትከሻ ከሁሉ የሞቀ እንደ ሆነ ወደ ውስጥ ማዘንበሉ አንሷል፤ የውስጡ እጅግ የሞቀ እንደ ሆነ በዝቷል፤ መካከሉ ብቻውን የሞቀ እንደ ሆነ ስሕተቱ ከአየሩ ግፊት ነው። ዲግሪን በሥዕል ከማስላት ይልቅ የእሽቅድምድም መካኒኮች የሚያምኑት ይህን ምስክርነት ነው።

ሁለቱ ጌቶች የሚጠይቁት ነገር እርስ በርሱ ይጻረራል። በጎዳና የሚነዳ መኪና እንደ ዐይነቱ ቢለያይም ከ1 ዲግሪ ብዙ ባልራቀ ካምበር፣ በፊትም በኋላም ጥቂት ወደ ውስጥ በዞረ ቶ ይሄዳል፤ በዚህ ልክ ቀጥታውን ይጠብቃል፣ ጎማውም በእኩልነት ያልቃል። ለሜዳ የሚዘጋጀው ግን ከፊት 2.5 ወይም 3 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የላይ ክንድ ሳይኖረው ሞላና አሞርዛተሩ አንድ ላይ በቆሙበት፣ ፎርድ ከ1950 ጀምሮ በስፋት ባስለመደው በማክፈርሰን አሠራር የተሠራ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ፣ አካሉ ሲያጋድል ጎማውን ቀጥ የሚያደርግለት ስለ ሌለ ከዚህም አብልጦ ሊፈልግ ይችላል። የፊት ቶውም ወደ ዜሮ ይቀርባል፣ ወይም ኩርባውን ፈጥኖ እንዲይዝ ጥቂት ወደ ውጭ ይከፈታል። ይህን ልክ ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው መኪናው በከባድ መኪኖች የተቦረቦረ መንገድ ባገኘች ቍጥር መሪዋ ሲንከራተት፣ ፍሬን ሲይዝ ከጎማው ፊት የሚሠራው ከፊሉ ብቻ ሲሆን ይታዘባል። ጎማን ፈጥኖ የሚያስጨርሰው ግን፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ካምበር ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁን ቶ ነው፤ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ ከፊት ጫፉ እስከ ኋላ ጫፉ 3 ሚሊ ሜትር ቢዞር፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን እንደሚፋቅ ሒሳቡ ያሳያል።

ሠሪዎቹ ይህን ክርክር ራሳቸው መፍረድ ስላልቻሉ ፍርዱን ለባለቤቱ አስረከቡ። ማዝዳ በ1989 ያወጣት ኤም ኤክስ 5 ዋጋዋ መካከለኛ ሆና ሳለ፣ በአራቱም ጎማዎቿ ክንዶች ላይ መካከላቸው የተዛነፈ ቡሎኖች ስለ ነበሯት፣ ባለቤቷ ቁልፍ አንሥቶ ካምበሯንና ቶዋን ሊለውጥ ይችል ነበር። በ1999 የወጣችው ፖርሸ 911 ጂ ቲ 3 ደግሞ የታችኛው ክንዷ ሁለት ክፍል ሆኖ በመካከሉ ቀጫጭን ሳሕኖች የሚጨመሩበት ስለ ሆነ፣ ለሜዳ ሲፈለግ ጎማዎቿ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ ለጎዳና ሲፈለግ ይመለሳሉ። የመለኪያውም ነገር እንዲሁ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በካሜራ የሚለኩ መሣሪያዎች በየጋራዡ ስለ ገቡ፣ አንድ ጠቢብ ግማሽ ቀን ይፈጅበት የነበረው ልክ በጥቂት ደቂቃ ይታወቃል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለሁሉ የሚሆን አንድ ልክ አለመኖሩ ብቻ አይደለም፤ ሥልጣኑ ለባለቤቱ ከተላለፈ ወዲህ የመምረጡም ዕዳ የእርሱ መሆኑ ነው። አንጥረኛው አክሰሉን ሲያጎነብስ ጋሪው የሚሸከመውን ጭነት ያውቅ ነበር፤ ዛሬ ቡሎን የሚያዞር ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሰው በየትኛው መንገድ እንደ ሆነ ሊመረምር ይገባዋል። ከዓመቱ መንገድ አብዛኛውን በጎዳና የሚፈጽምና ለጥቂት ቀን ወደ ሜዳ የሚወርድ ሰው፣ ከፊት ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ በሚደርስ ካምበር፣ ወደ ዜሮ በቀረበ የፊት ቶ ቢወሰን፣ ከሜዳው ጥቂት ሰከንድ ቢጎድልበትም ጎማውንና ፍሬኑን ለጎዳናው ያተርፋል። የኋላ ጎማዎቹን ወደ ውስጥ መዞር ግን ለፍጥነት ብሎ ማጥፋት አይገባውም፤ የአውቶ ዩኒየንም፣ የኮርቬርም፣ የ911ም ታሪክ የሚያሳየው፣ ከፊት የተሳሳተ ልክ መኪናን እንቢተኛ ሲያደርጋት፣ ከኋላ የተሳሳተው ግን ነጂውን ለማረም ጊዜ እንደማይሰጠው ነው።